ሽፋኑ ይነሣና እግሩ ይታይ

ሰው ሚስት ለማግባት ብሎ ስንት ነገር ይሆናል! አንዱ ሽማግሌ ያመላልሳል፣ አንዱ የአማቱን እርሻ ያርሳል፣ አንዱ ደጅ ሲጠና ጠጉሩ ይሸብታል። የፍኖተ ሰላሙ ድሬሰር ይሄይስ ግን ሚስት ለማግባት ብሎ ዐሥር ቀን ሙሉ ከሞተር ብስክሌት እግር ላይ ቀለም ሲፍቅ ከረመ። ሞኝ ነው እንዳትሉኝ፤ ሞኝስ አልነበረም። ነገሩ ሁሉ የመጣው «እግር» ከምትባል ከአንዲት ቃል ነው።

ዘመኑ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። ይሄይስ በፍኖተ ሰላም ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ገጠር እየወረደ የሚከትብ የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነበር። ከታላቅ እህቱ ከንግሥቴ ጋር ይኖራል። አንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌትም አለው፤ ቡሬ ላይ ወፍጮ የነበረው ጣሊያን ወደ አገሩ ሲገባ ለእሱ ትቶለት የሄደ ነው። ጣሊያኑ ዝገት ፈርቶ ይሁን ሌላ ምክንያት ኖሮት እንጃ፣ ሞተሩን ከመሪው እስከ ቸርኬው፣ ጎማው እስከሚቀመጥበት የብረት ክብ ድረስ ማለቴ ነው፣ በጥቁር ቀለም ለቅልቆታል።

የልቡ ሰው ደግሞ ቡሬ ነበረች። እህተ ማርያም ትባላለች፤ የቅኔ መምህሩ የመሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ልጅ ናት። ያያት የመሪጌታን ተማሪዎች ሊከትብ የሄደ ዕለት ነው። አርባ ተማሪ መርፌውን ሲያይ «እግዚኦ!» ብሎ ጌሾው ውስጥ ተደበቀ። እሷ እጅጌዋን ሰብስባ ቀረበችና «ከእኔ ጀምር። እነሱ ወንዶች ናቸው፣ ቀስ ብለው ይደርሳሉ» አለችው። ይሄይስ መርፌውን ነቅሎ ቀና ሲል፣ ልቡን የተወጋው እሱ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ጊዜ ምክንያት እየፈጠረ ቡሬ ሄደ። ጥፋቱም የተሠራው እዚያ ነው። በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ እግሩ ይታጠባል። ውሃ ያላቀረበ ባለቤት ይታማል፤ አልታጠብም የሚል እንግዳ ግን ከቶ ተሰምቶም አይታወቅ። የመሪጌታ ባለቤት ወይዘሮ ሀብትነሽ ለብ ያለ ውሃ ይዘው ብቅ ባሉ ቁጥር ይሄይስ ቦት ጫማውን ወደ ኋላ እየሰበሰበ፣ «አይቸገሩ እማማ፣ ማሰሪያው አስቸጋሪ ነው» ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ? ካልሲው ነው! የመጀመሪያው ቀን ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቶ ነበር። በሁለተኛው ቀን አንዱ እግር ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ አጥልቋል። በሦስተኛው ካልሲው ደህና ነበር፤ ነገር ግን ሁለቴ እምቢ ያለ ሰው ዛሬ እሺ ቢል ምን ይሉኛል ብሎ ያንኑ ደገመው። የስንቱን ገላ ሲያይ የሚውል ሰው በገዛ አውራ ጣቱ ሲያፍር አያችሁልኝ?

አገር ደግሞ ዓይን አለው። «ይህ ልጅ እግሩን ለምን ይደብቃል?» ተባለ። መልሱም ብዙ አልቆየ፤ «ዝሆኔ ቢሆንበት ነው እንጂ!» አለ አንዱ። እግሩ ያበጠ ነው፣ በዘሩም አለበት፣ ያ ሁሉ ቦት ጫማ ያንን መሸፈኛ ነው ተባለ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና ወሬው ዞሮ ዞሮ መሪጌታ ጆሮ ገባ።

መሪጌታ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን አባት ናቸው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ደግሞስ የሰውን ልጅ በፊቱ «ዝሆኔ አለብህ ወይ?» ብሎ ይጠየቃል እንዴ? ነውር ነው! ስለዚህ የጋብቻውን ሽማግሌ ግራዝማች ዘሩን አስጠሩና ነገሩን ሰም አልብሰው ላኩት።

ግራዝማች በበቅሏቸው ፍኖተ ሰላም ገብተው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ ከይሄይስና ከንግሥቴ ፊት ተቀመጡ።

«የኔታ ልጅቱን አልከለከሉም» አሉ።

ንግሥቴ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

«ቆይማ እታለም። አንዲት ነገር አለች። የእግሩ ነገር ጨለማ ሆኖባቸዋል። ‹ተሸፋፍኖ መምጣቱ ይብቃ፣ ሽፋኑ ይነሣና እግሩ ይታይ› ብለዋል። እግሩ ከጠራ፣ በገና ማግስት ቀን እንቆርጣለን። ካልጠራ ግን እሷኑ ለጠየቀው ለሽንዲው ጭቃ ሹም ልጅ እሺ ሊሉ ነው።»

ይሄይስ የሽንዲው ልጅ ሲነሣ ደሙ ፈላ። ወዲያው ግን በበሩ ወደ ውጭ ሲያይ ሞተሩ ቆሟል። ባለፈው ጊዜ መሪጌታ ሞተሩን ዞረው ዞረው አይተው፣ «ይህ የብረት በቅሎህ ደህና ነው፤ ምነው ግን እግሩ ከሰል መሰለ?» ብለው ሲቀልዱ ትዝ አለው። ጎማን እግር የማይል ማን አለ? «ለካ ልጄ በጥቁር እግር አትወጣም ማለታቸው ነው!» ብሎ በልቡ ደመደመ። ሽማግሌው ስለ ሰው እግር ይናገራሉ፣ እሱ ስለ ሞተር እግር ይሰማል። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን ስሙልኝ።

«ይህቺ ናት?» አለ ይሄይስ እየሳቀ። «ይኸማ ቀላል ነው፤ እፍቀዋለሁ!»

ግራዝማች ደነገጡ። «ትፍቀዋለህ?»

«እስኪያበራ ድረስ! ከላይ ያለው እኮ ልጣጭ ነው። ከሥሩ ብር የመሰለ ነው።»

«ልጄ፣ አያምም?»

«ኧረ ምን ያማል ግራዝማች! በሶዳ እዘፈዝፈዋለሁ፣ በራሱ ጊዜ ይላጣል።»

ግራዝማች አማተቡ። የሐኪም ነገር አይታወቅም ብለው ምንም ሳይጨምሩ በቅሏቸው ላይ ወጡና ቡሬ ገብተው፣ «አለበት። አልካደም። ሊፍቀው ነው» ብለው ተናገሩ። እህተ ማርያም ጓዳ ሆና ሰማች። የዚያን ዕለት እህል አልቀመሰችም።

ይሄይስ ግን ምኑን አውቆ! በማግስቱ ከሥራ ሲገባ ሸሚዙን አውልቆ ሞተሩን በድንጋይ ላይ አቆመው። ሁለቱን እግሮች ፈታ። ጎማዎቹን በማንኪያ እጀታ ፈልቅቆ ከቸርኬው ለያያቸው። ንግሥቴ ማንኪያዎቿን ስታይ «ወይ ጉዴ! እነዚህን ዳግም አፌ አላስገባቸውም» አለች።

መጀመሪያ በላምባ በተነከረ ጨርቅ አሸው። ሁለት ቀን አሸ። ጨርቁ ጠቆረ፣ እጁ ጠቆረ፣ ቀለሙ ግን ፈገግ እንኳ አላለም። ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ምክር ይሰጣል። አንዱ እሳት ላይ ጣደው ይላል። አንዱ በጠርሙስ ስባሪ ፋቀው ይላል። አንዲት አሮጊት «በበቅሎ ብትሄድ ምን ነበረበት?» ብለው ሁሉንም አሳቁ።

በሦስተኛው ቀን ለሳሙና መሥሪያ የሚሸጠውን ሶዳ አመጣ። ሶዳው በውሃ ሲሟሟ ይፈላል፣ ያቃጥላል፤ ቸርኬው ላይ ሲያፈሱት ደግሞ ወርዶ መሬት ይጠጣዋል። ይሄይስ አሰበና ከንግሥቴ ዱቄት ዘግኖ ሙቅ ሠራ፤ ሶዳውን ከሙቁ ጋር አዋሕዶ በእንጨት ቸርኬው ላይ እንደ ጭቃ መረገው። እንዲህ ሲሆን ይይዛል፣ አይንጠባጠብም።

«ምነው ሸዋ!» አለች ንግሥቴ። «እህል ለብረት ታበላለህ? ሰው በረኃብ ያልቃል፣ የእኔ ወንድም ጎማ ይቀልባል!»

«እቴቴ፣ ለሚስት ነው።»

«ሚስትህ ጎማ ናት?»

ሰዓት ሲሞላው ውሃ ደፋበትና በእንጨት ጫፍ ጫር አደረገው። ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተሸብሽቦ ተነሣ። ከሥሩ አንድ ጣት የምታህል ቦታ ቦግ አለች። ኒኬል ነው! ይሄይስ «አገኘሁሽ!» ብሎ ሲጮህ ጎረቤቱ የሞተ ሰው ያለ መስሎት ግልብጥ ብሎ መጣ። ንግሥቴም ተቆጥታ መቆየት አልቻለችም፤ ጎንበስ ብላ ፊቷን በዚያች ቦታ አየችና ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱቄቱን ራሷ አቀረበች።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። ከመሐል ወደ ጠርዝ የሚወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች በአንዱ እግር ብቻ ሠላሳ ስድስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውን በጨርቅ ጠቅልሎ ላይ ታች አሻቸው። የዛገውን በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ አለሰለሰው። ለማወልወሉ ደግሞ ዲያቆናት ጽናጽል የሚያጸዱበትን ዘዴ ያውቃል፤ አመዱን በነጠላ ነፍቶ፣ በሎሚ ለውሶ፣ በክብ በክብ ያሻል። ሲያሽ ያዜማል። እህተ ማርያም በዚህ ላይ ተቀምጣ ስትወጣ እያያት በደስታ ብቻውን ይስቃል። ንግሥቴ እሱን እያየች እሷም ትስቃለች። ያ ግቢ እንደዚያ ስቆ አያውቅም።

በዐሥረኛው ቀን፣ ለገና ዋዜማ፣ የኋለኛውን እግር የመጨረሻ ጥጋት ሲመርግ አደጋው መጣ። ቦት ጫማውን ሶዳ እንዳይበላበት ብሎ አውልቆ ባዶ እግሩን ነበር። የሶዳው ቆርቆሮ ተንጋደደና ቀኝ እግሩ ላይ ተገለበጠ። ዘለለ፣ ጮኸ፣ እንስራ ሙሉ ውሃ ደፋበት። ድሬሰር ነውና ወዲያው አጠበው፣ አከመው፤ ደራርቦ እየጠቀለለ በነጭ ፋሻ አሰረው። ቁስሉ የሚያሰጋ አልነበረም። ቦት ጫማው ግን አልገባ አለ።

«ቀረህ በቃ» አለች ንግሥቴ።

«በአንድ እግሬም ቢሆን እሄዳለሁ! የሽንዲው ልጅ ሁለት እግር ይዞ እየጠበቀ?»

በገና ማግስት ማለዳ በግራ እግሩ ቦት ጫማ፣ በቀኙ ፋሻ አድርጎ ወጣ። ማንኩሳን ሲያልፍ ጤፍ የሚወቁ ገበሬዎች ከአውድማቸው ቀና ብለው ዓይናቸውን በእጃቸው ጋረዱ፤ ፀሐይ ቸርኬው ላይ እያረፈች ትመታቸዋለች። «ኧረ ይህ ሰውዬ መስታወት ላይ ነው እንዴ የተቀመጠው!» አለ አንዱ። ይሄይስ እጁን እያወዛወዘ አለፈ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ቡሬ ሊገባ ሲል አንዲት ምንጭ አጠገብ ቆሞ የመንገዱን አቧራ ከእግሮቹ ላይ አጠበ፤ ከሞተሩ እግሮች ማለቴ ነው።

በመሪጌታ ግቢ ዋርካው ሥር መሪጌታ፣ ግራዝማች ዘሩና ወይዘሮ ሀብትነሽ ተቀምጠዋል። ተማሪዎቹ በዙሪያ ቆመዋል። ይሄይስ ሞተሩን አጥፍቶ እያነከሰ ወረደ። ሁሉም ያዩት ያንን ነጭ ፋሻ ነው።

«ፍቆታል!» አለ አንድ ተማሪ በሹክሹክታ። ሹክሹክታው ግቢውን ዞረው።

ይሄይስ እጅ ነሥቶ ሲያበቃ የሞተሩን የፊት እግር ከመሬት ብድግ አደረገና በእጁ አሽከረከረው። ብርሃኑ በዋርካው ቅጠል ላይ ተሯሯጠ።

«የኔታ፣ እንዳዘዙት ሽፋኑ ተነሥቷል። እነሆ እግሩ! ይዩት፣ እንከን የለውም!»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ እሱን አይደለም» አሉ በቀስታ። «የአንተን ነው።»

«የእኔን?» ይሄይስ ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። ከዚያ ወይዘሮ ሀብትነሽን አየ፤ ሦስት ጊዜ ይዘውት የመጡት ውሃ ትዝ አለው። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለጠለት፤ ላብ አጠመቀው። «የኔታ፣ ይህ… ይህ እኮ ከትናንት ወዲያ ሶዳ ፈስሶብኝ ነው!»

«ሶዳ!» አሉ ግራዝማች። «እዘፈዝፈዋለሁ ብሎኛል ብዬ አልነገርኳችሁም?»

«ሞተሩን ነው የዘፈዘፍኩት! እግር ያልታጠብኩት ደግሞ ካልሲዬ ተቀዶ ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ…»

አይ ይሄይስ! እውነት እንዲህ ስታንስ ማን ያምናታል? ባስረዳ ቁጥር ባሰበት። ወይዘሮ ሀብትነሽ ከንፈራቸውን መጠጡ። መሪጌታ በዝግታ ተነሡ።

«አንተን ጠልቼ አይደለም» አሉ። «ሰው ትሆናለህ፣ አውቃለሁ። ግን አባት ነኝ።» ፊታቸውን ወደ ቤት መለሱ።

ይህን ጊዜ የጓዳው በር ተከፈተ። ሽማግሌ የተቀመጠባት ልጅ ጓዳ ትሸሸጋለች እንጂ እጩዋ ፊት አትወጣም፤ ወጉ እንደዚያ ነው። እህተ ማርያም ግን ገበቴ ሙሉ ውሃ ይዛ፣ በተማሪዎቹ መሐል አቋርጣ፣ ከአባቷ አጠገብ አልፋ መጣች። ገበቴውን ይሄይስ እግር ሥር አኑራ ተንበረከከች።

«አምጣው» አለች።

«እህተ ማርያም፣ ቁስል ነው…»

«አምጣው አልኩህ።»

«ልጄ፣ እንዳትነኪው!» አሉ እናቷ።

እህተ ማርያም ቀና አላለችም። «እማዬ፣ ዝሆኔም ቢሆን እግር ነው። ከዚያ ድረስ ወደ እኔ የመጣው በዚሁ ነው። ቢያብጥም አጥበዋለሁ፣ ቢቆስልም አጥበዋለሁ። እንግዳ ሆኖ ሳይሆን ባለቤቴ ሆኖ፣ በየቀኑ አጥበዋለሁ።»

መሪጌታ አንድ እግራቸውን ደጃፉ ላይ እንዳደረጉ ቆመው ቀሩ። ይሄይስ አለቀሰ። ምን ያሳፍራል? እኔም ብሆን አለቅስ ነበር። ፋሻውን ሊፈታ ጎንበስ አለ፤ የስንቱን ሰው ቋጠሮ የፈታ እጅ የራሱን መፍታት አቃተው። እሷ እጁን ገፋ አድርጋ ራሷ ፈታችው። ዙር በዙር ወረደ።

ቀጭን ቁርጭምጭሚት፣ አምስት ደህና ጣቶች፣ ከላይ የስኒ አፍ የምታህል ቀይ ቃጠሎ። ይኸው ነው። ሌላ ምንም የለም።

«ይህማ የሕፃን እግር ነው!» ብለው ወይዘሮ ሀብትነሽ እልልታውን ለቀቁት። ተማሪዎቹ ጮኹ። ግራዝማች ዘሩ ቀረብ ብለው፣ ግራውንም አስወልቀው አይተው፣ «በሉ እንግዲህ እኔን ስደቡኝ! ያደረስሁት ሁሉ እውነት ነበር፣ የተረዳሁት ግን አንድም የለ» ብለው መቋሚያቸውን ጣሉ። እነዚያው ተማሪዎች አሁን ገና ሞተሩን ያዩት መሰለኝ፤ ቸርኬው ላይ ጥርሳቸውን ሊያዩ ይሻሙ ጀመር።

መሪጌታ ተመለሱ። ልጃቸውን ብዙ አዩዋት። ዕድሜ ልካቸውን ሰምና ወርቅ ሲፈቱ የኖሩ ሰው ዛሬ የገዛ ልጃቸውን ገና መፍታታቸው ነበር።

«ቀኑን እኔ ልቆርጥ ነበር የተቀመጥኩት» አሉ። «አንቺ ቀድመሽ ቆረጥሽው። በሉ ይሁን፤ ሙሽራ እያነከሰ አይዳርም፣ ይህ ቁስል ይዳን ብቻ። ድሬሰር፣ እንዲህ ያለ ቃጠሎ በስንት ቀን ይሽራል?»

ይሄይስ መልሱን አሳምሮ ያውቃል። ለስንት በሽተኛ ተናግሮታል።

«በሦስት ቀን!» አለ።

እህተ ማርያም ውሃውን እያፈሰሰች የቁስሉን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው።

«ወይኔ እናቴ!»

«ሦስት ሳምንት» አለች፣ ቀና ሳትል። «ዛሬ ታኅሣሥ ሠላሳ ነው። ጥር ሃያ አንድ፣ ለአስተርእዮ ማርያም ይሁን።» ከዚያም የግራ እግሩን ወደ ገበቴው ሳበችው።